የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ለመማር ኪቶ ልሂድ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 41 ዓመቴ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። ሥራዬ የነርስ ረዳትነት ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው እያለቀሱ ሲነግሩኝ ምንም አልገባኝም። አስተርጓሚ እስኪመጣ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልኬ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው፤ ግሱ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይምታታብኛል። አሁን የስድስት ሳምንት ፈቃድ አጠራቅሜያለሁ። እርስዎ ኢኳዶር፣ ኪቶ ሄደው እንደተማሩ ስለሰማሁ ነው የጻፍኩት። በዚህ ዕድሜ ይሆናል? ለብቸኛ ሴትስ ከተማው እንዴት ነው? ጾሙንስ ምን አደርጋለሁ?

ሰ.

መልስ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ሂጂ። እኔ ስሄድ 46 ዓመቴ ነበር። ዕድሜሽ አይደለም የያዘሽ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ስፓኒሹን የምትማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እኔም ሁለት ዓመት የባከንኩት እዚያ ላይ ነው።

ኪቶ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቤታቸው ያረፍኩባቸው እናት አንድ የዶላር ሳንቲም መዳፌ ላይ አስቀመጡና "ኖ ሴያ ማሊታ፣ ዴሜ ኮምፕራንዶ ፓን" አሉኝ። ቃላቱን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ። "ፓን" ዳቦ ነው። "ኮምፕራንዶ" ከመግዛት የመጣ ነው። "ዴሜ" ስጪኝ ነው። በእንግሊዝኛ ባገላብጠው ባገላብጠው ትርጉም አጣሁለት። ሳንቲሙን ጨብጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በአማርኛ መጣልኝ፦ ዳቦ ገዝተሽ ስጪኝ! ያው ራሱ ነው። "ኖ ሴያ ማሊታ"ም ቃሉ "ክፉ አትሁኚ" ነው፤ እባክሽ ማለታቸው ነበር። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ያመጣሁት ዳቦ ገና ትኩስ ነበር።

በኋላ አስተማሪዬ እንዳስረዳችኝ፣ ይህን አነጋገር ማድሪድ ብትሄጂ አትሰሚውም። ከኪችዋ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ቋንቋ፣ ወደ ኪቶ ስፓኒሽ የገባ ነው። ኪችዋም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬን በአማርኛ ያዝኩ። ለአንቺ ሥራ የሚሆነውን ላሳይሽ። "ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ" የሚለውን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለመልመድ ሲቸገሩ አይቻለሁ። እኛ ግን ድሮውንም "ራሴን ያመኛል" ነው የምንለው። አመመኝ፣ ራበኝ፣ ደስ አለኝ እንላለን። "ሜ ጉስታ" ብለሽ "ደስ ይለኛል" ብትይ አንድ ነው። "አብሎ" ስትይ ደግሞ "እናገራለሁ" ነው፤ "እኔ" ብለሽ መጨመር የለብሽም፣ ግሱ ይዞታል። ይህን ሁሉ ከእናትሽ ጡት ጋር ጠብተሽዋል።

"ኡስቴድ" እርስዎ ነው። ኪቶ ውስጥ በጣም ይወዱታል፤ እናት ለትንሽ ልጇ ሁሉ ስትጠቀምበት ሰምቻለሁ። የኤልሳልቫዶር ሰዎች እርስ በርስ "ቮስ" (አንተ፣ አንቺ እንደማለት) ቢባባሉም፣ አንቺ ለአንዲት አሮጊት "ኬ ሌ ዱዌሌ?" ብለሽ፣ ማለት "ምንዎን ያምዎታል?" ብለሽ በአክብሮት ብትጠይቂ ልክ ነሽ።

አማርኛ የማያግዝሽም ቦታ አለ። በስፓኒሽ እጅ ሴት ናት፣ ችግር ወንድ ነው። ይህን በቃል ከመያዝ ሌላ መላ የለውም።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ አንድ ለአንድ የሚያስተምር ይሁን። እኔ መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቤት ለብቻሽ አስተማሪ አለሽ ብሎኝ ከሦስት ሰዎች ጋር አስቀመጠኝ። ዕረፍት ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ያወራል። በሳምንቱ ለቅቄ ወጣሁ፤ ቀሪው ገንዘቤ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ የስድስቱን ሳምንት በአንዴ እንዳትከፍይ። በየሳምንቱ ክፈይ።

ከተማው 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። አንቺ ደግሞ ዓመታት የኖርሽው ቆላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዳገት አትውጪ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ይህ እንኳ አገሬ የገባሁ አስመስሎኛል።

አስተማሪዬ ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌው ከተማ ትወስደኝ ነበር። ውስጡ በወርቅ ቅብ የተሸፈነው የላ ኮምፓኚያ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1605 ተጀምሮ 160 ዓመት ፈጅቷል። እዚያ ደጃፍ ቁጭ ብለን "አንቺ አገርስ?" አለችኝ። ኪቶና ላሊበላ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት። ይህን ነገርኳት፤ ከዚያ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ሰዓት በስፓኒሽ አወራሁ። ሳላቋርጥ ያወራሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ስለ ደህንነት አልደብቅሽም። በጃንዋሪ 2024 የኢኳዶር መንግሥት በወሮበላ ቡድኖች ላይ የጦርነት ያህል አዋጅ አውጥቷል። ክፉኛ የተጎዳው እንደ ጓያኪል ያለው የባሕር ዳርቻው ነው፤ ኪቶም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌው ከተማ ቀን ቀን ሰው የሞላበት ነው፤ ሲመሽ ጭር ይላል። ሰፈርሽን ሌላ ቦታ አድርጊ፤ እኔ ላ ፍሎሬስታ ነበርኩ። ማታ በእግርሽ አትውጪ፣ ታክሲ አስጠሪ። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የአሜሪካ መንግሥት ለተጓዦች የሚያወጣውን ማሳሰቢያ አንብቢ። ገንዘቡ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ዝርዝር ያዢ እንጂ የመቶ ዶላር ኖት የሚቀበልሽ ሱቅ በቀላሉ አታገኚም።

ጾሙ አያሳስብሽ። መንገድ ላይ "ቾቾስ ኮን ቶስታዶ" የሚሸጡ ሴቶች ታገኛለሽ። ቾቾ የእኛ ግብጦ ዘመድ ነው፤ እንደ ግብጦ ምሬቱ እስኪወጣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቶስታዶ የበቆሎ ቆሎ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሎሚ ይጨመርበታል። የበቆሎ ንፍሮም አለ፣ "ሞቴ" ይሉታል። የድንች ሾርባው፣ "ሎክሮ"፣ ወተትና አይብ አለበት። "ሲን ካርኔ"፣ ማለት "ያለ ሥጋ"፣ ብቻ ካልሽ ደግሞ ዶሮ ሊመጣልሽ ይችላል፤ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ አይቡን እየጠራሽ "ሲን" በይ።

አሁን ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ሥራ ላይ በየቀኑ የምትናገሪያቸውን ሃያ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጻፊ። "ሽንትዎን ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?"፣ "ልጅዎን ልጥራልዎት?"፣ "ቀስ ብለው ይነሡ፣ እኔን ይደገፉ"። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት ወረቀቱን አውጥተሽ ለአስተማሪሽ አንድ በአንድ በምልክትም ቢሆን አስረጃት። የእኚያ አሮጊት ለቅሶም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፦ "ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?"