«አባቴን ሳላሳዝን ምን ልማር?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። እንደ አባቱ የሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን ሲመኝ ኖሮ፣ የትምህርት ክፍል መምረጫው ሲደርስ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሙያ ያጠፋዋል፤ ሶፍትዌር ነው የምማረው» አለ። ባለቤቴ ክፉኛ ተቆጣ፤ ከተኳረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። አንድ ሌሊት ልጄን እንቅልፍ ጥሎት፣ ስልኩ ሳይጠፋ ቻትጂፒቲ የተባለውን ጥያቄ መላሽ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠየቀውን አነበብኩ፦ «አባቴን ሳላሳዝን ምን ልማር?» ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኳት። ልጅዎ ለአባቱ ሊናገር ያልደፈረውን ለስልኩ ነገረ። ስልክ አይቆጣም፣ አያኮርፍም፤ ብዙ ወጣቶች ሌሊት ወደ እርሱ የሚሄዱት ለዚህ ይመስለኛል።

ባለቤትዎንም አልፈርድባቸውም። ልጁ ስለ ነገ ሲያወራ እርሳቸው የሰሙት ስለ ኖሩበት ዘመን ነው። እርሱን ራሱን ያሳደጉበት እንጀራ «የሚጠፋ ሙያ» ሲባል የማይከፋው አባት የለም።

ትንበያውን በተመለከተ ግን ልጅዎ ይህን ይስማ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆኑት ጄፍሪ ሂንተን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከእንግዲህ ይቁም፣ በአምስት ምናልባትም በዐሥር ዓመት ኮምፒውተር ይበልጣቸዋል ብለው ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ምስል በማንበብ ያግዛቸዋል፤ ሐኪሞቹ ግን አሁንም ይፈለጋሉ። ልጅዎ መሸሸጊያ ያደረገው ሶፍትዌርም ቢሆን ማሽኑ ፈጥኖ ከገባባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ ጠያቂው ወዳዘነበለበት ማዘንበል ይወዳል። «ሒሳብ ሥራ ይጠፋል አይደል?» እና «ሒሳብ ሥራ ለምን አይጠፋም?» ብሎ ለየብቻ ይጠይቀውና መልሶቹን ያስተያይ።

አሁን ወደ እርስዎ። በመጀመሪያ ስልኩን ማንበብዎን ራስዎ ይንገሩትና ይቅርታ ይጠይቁት፤ ከሌላ ቢሰማው ያቺ ስልክም ትዘጋብዎታለች። ለባለቤትዎ ግን ያነበቡትን አይንገሩ፤ የሚናገረው ልጁ ነው።

ባለቤትዎን አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፦ ቅዳሜ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራቸውን ያሳዩት። መደመሩን ማሽን ይሥራው። ደረሰኝ ሲጎድል ማን ዘንድ እንደሚሄዱ፣ ሒሳቡ አልገጥም ሲል የት እንደሚፈልጉ፣ ፊርማቸውን ሲያኖሩ ምን እንደሚያስጨንቃቸው ይንገሩት። ከዚያ «ምን አስፈራህ ልጄ?» ይበሉትና እስኪጨርስ አያቋርጡት። በመጨረሻ ሶፍትዌር ቢመርጥም ምርጫው የእርሱ ነው።

እርስዎ በመካከላቸው መልእክተኛ መሆኑን ይተዉ። ቡናውን አፍልተው ያቅርቡና ሁለቱን ብቻቸውን ይተዉአቸው።