ፕሮቲን ይታተማል፣ ይጻፋል ወይስ ይነደፋል?

ጥያቄ፦ የባዮኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። መስታወት ላይ ፕሮቲን በናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ልክ እያሳረፍን ሴሎች ምን እንደሚሆኑ እናያለን። ሥራዬን በአማርኛ ሳስረዳ ግሱ ያስቸግረኛል። ፕሮቲኑን «ነደፍነው»፣ «ሳልነው» ወይስ «አተምነው» ልበል? ሴሉስ «ተጣበቀ» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፦ «ነደፍነው»ን ይተዉት። ንድፍ ከሥራው በፊት የሚወጣ ነገር ነው። እርስዎ የሚያወሩት መስታወቱ ላይ ስላረፈው ፕሮቲን ነው። ደግሞም ጥጥ ይነደፋል፣ ንብም ትነድፋለች፤ ግሱ በቂ ሥራ አለው።

ለቀረው አንድ ግስ አይበቃም። ፕሮቲኑ እዚያ እንዴት ደረሰ? የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፉት ዘዴ ከሲሊኮን ጎማ በተሠራ ማኅተም ይጠቀማል። ጎማው ፕሮቲን ይቀባና መስታወቱ ላይ ይጫናል። የቀበሌ ማኅተም በሉት፤ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። ይህ ያለ ጥርጥር «ማተም» ነው። «አተመ»ም «ማኅተም»ም የግዕዙ «ኀተመ» ልጆች ናቸው። በ1999 የቻድ ሚርኪን ቡድን ያስተዋወቀው ዘዴ ደግሞ እንደ ብዕር ሞለኪውል የተነከረ ሹል ጫፍ አለው። እዚህ «ጻፍን» ይበሉ፣ «ሳልን»ም አይከፋም።

ሦስተኛው ዘዴ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጀርመናዊው ዮአኪም ሽፓትዝና ባልደረቦቹ የወርቅ ነጠብጣብ መስታወት ላይ ያሰፍራሉ። ወርቁን የያዙት የፖሊመር (የረጃጅም ሰንሰለታዊ ሞለኪውሎች) ቅንጣቶች በራሳቸው ነው የሚሰለፉት። ያተመም የጻፈም የለም። ስለዚህ «ደረደርናቸው» ሳይሆን «ተደረደሩ»።

ወደ «ተጣበቀ» ልምጣ። ስህተት አይደለም፣ ግን ሴሉን ያሳንሰዋል። ቴምብር ይጣበቃል፤ ቴምብር ምንም አያደርግም። ሴል ግን ኢንተግሪን በሚባሉ ተቀባዮቹ ፈልጎ ይይዛል። ሽፓትዝና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከ8 ናኖሜትር ያንስ ነበር፤ ከአንድ ኢንተግሪን በላይ አያስተናግድም። ነጠብጣቦቹ ላይ ኢንተግሪን የሚያውቃት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ተቀምጣለች። በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ርቀት 58 ናኖሜትር ሲሆን ሴሎቹ በደንብ ይዘው ተንጣለሉ። 73 ሲሆን አቃታቸው። የሙጫ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የ15 ናኖሜትር ልዩነት ይህን ያህል ባላመጣ።

ስለዚህ «ያዘ» ይበሉ። ወዳጆችዎን ሲያጫውቱ «ሙጥኝ አለ»ም ያምራል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ይቅርብዎ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ሴሉ በፕሮቲኑ ላይ ያዘ» አይባልም፣ «ሴሉ ፕሮቲኑን ያዘ» ነው። ተሳቢውን ጥለው «ሴሉ ያዘ» ካሉ ደግሞ ትርጉሙ ይሰፋል፤ «ችግኙ ያዘ» እንደምንለው ሰፈረ፣ ኖረ ማለት ይሆናል። እሱም ቦታ አለው። በ1997 የኋይትሳይድስና የዶናልድ ኢንግበር ቡድኖች የደም ሥር ሴሎችን ፋይብሮኔክቲን ከሚባል ፕሮቲን በተሠሩ፣ ስፋታቸው በተለያየ ደሴቶች ላይ አስቀምጠው ነበር። ሰፊው ላይ የተንጣለሉት ኖሩ፣ ጠባቡ ላይ የተኮማተሩት ሞቱ። ጠባቡ ላይ ያሉት ፕሮቲኑን ይዘው ነበር፤ ግን አልያዙም።