የሦስተኛ ዲግሪ ጥናትን በ3 ደቂቃ ስለማቅረብ፤ ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን የሦስተኛ ዲግሪ ጥናትዎን ደብረ ብርሃን ላይ ለዞን የሥራ ኃላፊዎችና ለአርሶ አደሮች በ3 ደቂቃ እንዲያቀርቡ መታዘዝዎን ገልጸው ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔም በመንዝ በጎች የጉበት ትል ላይ የሠራሁትን ጥናት በዚያው ከተማ በተመሳሳይ መድረክ ስላቀረብኩ የገጠመኝን ልንገርዎ።

1. የጥናቱን ርዕስ አያንብቡ፤ ርዕሱ የተጻፈው ለገምጋሚዎች ነው። እኔ የጀመርኩት በግ አርቢ ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ መድኃኒት ተሰጥቷት ሳለ ቆይታ መንጋጋዋ ሥር ውኃ ቋጥራ ከምትከሳው በግ። ምክንያቱን ወዲያው አስከተልኩ። በብዛት የሚሰጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው ሐሞት ቱቦ ውስጥ የደረሰውን ትል እንጂ ጉበቱን እየሰረሰረ የሚጓዘውን ታዳጊ ትል አይደለም፤ የተረፈው ደግሞ በጓ ከረግረግ ሣር ጋር ከዋጠችው ጊዜ አንሥቶ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ጎልምሶ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ታዳጊውን ጭምር የሚገድለው ትራይክላቤንዳዞል ነው። ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ ስታቲስቲክስ ትንተና አንድም ቃል አልተናገርኩም።

2. አንድ ስላይድ ብቻ ይያዙ። ይህን የ3 ደቂቃ አቀራረብ በውድድር መልክ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የውድድሩ ደንብ የሚፈቅደው 3 ደቂቃና አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ነው፤ ከሰዓቱ ያለፈ ይሰረዛል። ደንቡን አትመው ይሂዱ፤ አዘጋጁ ቢሮ ይህን የሚያውቅ እንዳይመስልዎ። እኔን የገጠመኝ ቢሮ ለመነሻ ሐሳቡ፣ ለዓላማው፣ ለዘዴው፣ ለውጤቱና ለምክረ ሐሳቡ ለየብቻ ስላይድ እንዳዘጋጅ የሚያዝ ፎርም ሰጠኝ። ይህ ሁሉ በ3 ደቂቃ እንደማያልቅ ሳስረዳ ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ፎርሙን ሞልተህ ካላመጣህ ስምህ ከመርሐ ግብሩ ይወጣል» አለኝ፤ ከዚያም ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ኮሪደር ላይ አቆመኝ። ለዓመታት በረግረግ ሜዳ ትሉን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲለቅም ለኖረ ተመራማሪ እንዲህ ያለ አቀባበል አይገባም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከእኔ በፊት የቀረበ ባልደረባዬ ፎርሙን ተከትሎ ስለ ዘዴው ሲያስረዳ ሰዓቱ አለቀና ከመድረክ ወረደ፤ የደከመበትን ውጤት በአዳራሹ ማንም አልሰማውም።

እኔ ፎርሙን ሞልቼ ለመዝገባቸው ሰጠሁና መድረክ ላይ ግን ከቄራ ያነሣሁትን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አሳየሁ፦ በቢላ የተከፈተ ጉበት፣ ግድግዳው የደነደነ የሐሞት ቱቦ፣ ከውስጡም የወጣ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል። አንድ የመንዝ አባት ብድግ ብለው «እንግዲያ እኔ የሰጠሁት መድኃኒት ትንሹን አልነካውም ማለት ነው? መቼ ልድገመው?» ሲሉ ጠየቁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በተከላከልኩበት ቀን ከፈታኞቼ አንዱም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላቀረበልኝም፤ በዚህም እኮራለሁ። እርስዎም ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልሱን አስቀድመው ይዘጋጁበት፤ ከ3 ደቂቃው ውጭ የሚቆጠር ስለሆነ ሰፋ አድርገው ሊመልሱት ይችላሉ።

ፎርሙን በተመለከተ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ገቢ ካደረጉ በኋላ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ።