«ተከላካይ» ወይስ «ገቺ»?

ጥያቄ፦ ለጨጓራ ካንሰር ሕሙማን በሚዘጋጅ ጽሑፍ ውስጥ «ይህ ተከላካይ መድኃኒት የኬሞቴራፒን ምላሽ ያሻሽላል» ብዬ ጽፌ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ተከላካይ» የሚለው «ገቺ» መባል አለበት ይላሉ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። መከላከል ያልደረሰው እንዳይደርስ ማድረግ ነው፤ ክትባት በሽታን ይከላከላል እንላለን። እርስዎ የሚጽፉላቸው መድኃኒቶች ግን የሚሰጡት ካንሰሩ ለያዘው ሰው ሲሆን፣ ሥራቸውም የካንሰሩ ሕዋሳት እንዲባዙ ወይም ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያበቅል የሚያዝዘውን ፕሮቲን ለይቶ መያዝ ነው። «ተከላካይ» የሚለውን ያነበበ ጤነኛ ሰው «እንዳይዘኝ ልውሰደው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ገታ» ግን በመሄድ ላይ ያለን ነገር ያዘ ማለት ነው፤ ፈረስ በልጓም የሚገታው ሲጋልብ ነው። ቅርጹም ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ «ፈታ» «ፈቺ»ን፣ «መታ» «መቺ»ን እንደሚያስገኝ «ገታ»ም «ገቺ»ን ያስገኛል። «ችግር ፈቺ» እንደምንል «ዕድገት ገቺ መድኃኒት» ቢሉ ያምራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «የኬሞቴራፒ ምላሽ» የሚለው ሐረግ ነው። «የሐኪሙ ምላሽ» ሲባል መላሹ ሐኪሙ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም መላሹ ኬሞቴራፒው ይመስላል፤ ምላሽ የሚሰጠው ግን ዕጢው ነው። በሕክምናው ቋንቋ ዕጢው ከፊል ምላሽ ሰጠ የሚባለው በምስል የሚለኩት ዕጢዎች ዲያሜትር ድምር ቢያንስ በ30 በመቶ ሲቀንስ ነው። ይህ መዳን አይደለም፤ ዕድሜ መጨመርም ላይሆን ይችላል። በ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ የደም ሥር ዕድገትን የሚገታው ቤቫሲዙማብ በኬሞቴራፒ ላይ ሲጨመር ዕጢያቸው ምላሽ የሰጠ ሕሙማን ከ37 ወደ 46 በመቶ ከፍ ቢሉም፣ በሕይወት የመቆየት ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልተረጋገጠም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010፣ በወጣው ሌላ ጥናት ግን በኬሞቴራፒ ላይ ትራስቱዙማብ የተባለ ሌላ ገቺ መድኃኒት የተጨመረላቸው፣ ዕጢያቸው ኸር-2 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት የሚያመርት ሕሙማን ዕድሜም አግኝተዋል፤ ግማሽ ያህሉ በሕይወት የደረሱበት ጊዜ ከ11.1 ወር ወደ 13.8 ወር ከፍ ብሏል። ሕመምተኛው የዕጢውን ምላሽና የዕድሜ መጨመርን ለይቶ የማወቅ መብት አለው፤ «ያሻሽላል» ብቻ ካሉት ግን የፈለገውን ተስፋ ይሞላበታል።

ስለ ትራስቱዙማብ የሚጽፉ ከሆነ እንዲህ ቢሉ እመርጣለሁ፦ «ዕጢያቸው ኸር-2ን በብዛት እንደሚያመርት በምርመራ ለተረጋገጠ ሕሙማን፣ ይህ ዕድገት ገቺ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ዕጢው ለሕክምናው የሚሰጠውን ምላሽ ከፍ ያደርጋል፤ በሕይወት የሚቆዩበትንም ጊዜ ያራዝማል።»