የጓሮ አፈር አኳሪየም ውስጥ ይሆናል፣ የጎመን መደቡ ግን አይሆንም

ወንድሜ፣ «60 ሊትር አኳሪየም አለኝ፣ እፅዋት ልተክልበት ነው። የግቢዬን አፈር ከታች ባነጥፍ ውሃው አይደፈርስም? አሳዎቹስ አይሞቱም?» ብለህ ነበር። አፈሩ ይሆናል። ነገሩ ያለው ከየት አነሳኸው ላይ ነው።

እኔም ጅማ ነኝ። መጀመሪያ ስሠራ ከጎመን መደብ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ዛቅኩ። እናቴ እበት የምትጨምርበት መደብ ነው። በሦስተኛው ቀን አምስት ጉፒ (ትንንሽ አሳዎች ናቸው) አስገባሁ። በማግስቱ ጠዋት አምስቱም ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ማታ አንድም አልተረፈም። እበት ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፣ አሞኒያ ደግሞ የአሳን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃው እኮ ሲያዩት ኩልል ያለ ነበር!

አሁን የምጠቀመው የኛኑ ቀይ አፈር ነው። ማዳበሪያም ፀረ አረምም ካልነካው ቦታ፣ ሣሩን ገፍፌ ከሥሩ ያለውን። ብረት አለው፣ ለሥር ጥሩ ነው። ፀባዩ ግን ክፉ ነው፤ ትንሽ ከተነካ ውሃውን ቀይ ወጥ ያስመስለዋል። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ የተንሳፈፈውን ገለባና ሥር ልቀመው፣ ውሃውን ድፋና ፀሐይ ላይ አድርቀው። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። ከዚያ በወንፊት ንፋ። አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለለው።

ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር በላይ አታንጥፍ። የአኳሪየምህ ወለል 60 በ30 ከሆነ 5 ሊትር ተኩል አፈር ይበቃሃል። ከላዩ 3 ሳንቲሜትር የታጠበ አሸዋ። አሸዋው ላይ አቼቶ ጠብ አድርግበት፤ ከተንጨረጨረ ኖራነት አለውና ውሃህን ያከብደዋል፣ ሌላ ፈልግ። ውሃ ስትሞላ አሸዋው ላይ ሰሃን አስቀምጥ፣ ሰሃኑ ላይ ፌስታል ዘርጋ፣ በኩባያ ቀስ እያልክ ፌስታሉ ላይ አፍስስ። እኔ አንዴ ቸኩዬ በጆግ ገለበጥኩት፣ ሳምንት ሙሉ አሳ ቀርቶ የኋላውን መስታወት አላየሁም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው።

እፅዋቱን ከመጀመሪያው ቀን አብዛ። ቫሊስኔሪያና ሆርንዎርት ቶሎ ያድጋሉ፣ አሞኒያውንም ይበላሉ። አኑቢያስ ካገኘህ ወፍራም ግንዱን አትቅበረው፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ በክር እሰረው። መብራት በቀን 8 ሰዓት ይበቃል፣ መስኮት ሥር ካስቀመጥከው አልጌ፣ ያ አረንጓዴ ሽበት፣ ይወርሰዋል። አሳ ለማስገባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቅ። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሹን ውሃ ቀይር። ከአፈሩ አረፋ ወጥቶ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ በቀጭን እንጨት ቀስ ብለህ ወጋ ወጋ አድርገው።

አሳ ላይ ደግሞ፣ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች፣ ሌሊት ውሃው ይበርዳል። ማሞቂያ ከሌለህ በጥቂት ጉፒ ጀምር። ዲስከስን እርሳው፣ 28 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። ጎልድፊሽ ብርዱን ይችላል፣ ግን ተክሉን እየነቀለ አፈሩን ያወጣብሃል፣ 60 ሊትርም ይጠበዋል። መብራት ሲጠፋ እፅዋት ያድኑኛል ብለህም አሳ አታብዛ፤ በጨለማ እነሱም ኦክስጅን ይሻማሉ።

«ከቦዬ ረግረግ ተክል ባመጣስ?» ያልከውን እኔ አልመክርህም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እንዲህ ባለ ውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ በባዶ እግር ገብተህ ለአንድ ዘለላ ሣር ብለህ በሽታ አታምጣ። አኳሪየም ካለው ሰው ቁራጭ ጠይቅ፣ ቫሊስኔሪያ እንደሆነ ሲበዛ መጣያ ነው የሚጠፋለት። የኔን መጥተህ መውሰድ ትችላለህ፣ በውስጥ ጻፍልኝ።