ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጎጃም የመጡ ናቸው። ሦስቱም ለዕዳ ሲባል ቤት ስለመሸጥ ይጠይቃሉ።

«በገዛ እጄ አልሸጥም ይላል»

*ባለቤቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ጤፍና በቆሎ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ያራግፋል። መንገድ ሲዘጋ፣ ዱቤ የወሰዱትም ሲጠፉ ከሰረ። ቤታችን ባንክ ተይዟል፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደርሶን 9 ቀን አልፎታል። ዕዳው 1 ሚሊዮን 460 ሺህ ብር ነው። ከግለሰብም 300 ሺህ በወር ከመቶ 5 ወለድ ወስዶ፣ ባዶ ቼክ ፈርሞ ሰጥቷል። ደላላው ቤቱ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያወጣል ይላል። ባለቤቴ ግን «በገዛ እጄ አልሸጥም፤ ከፈለጉ በሐራጅ ይውሰዱት» ብሎ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። አማቴ ሰርቪሱ ውስጥ ይኖራሉ፤ እስካሁን አልነገርናቸውም። ቀን ቀን ሂሳብ እሠራለሁ፣ ሌሊት አለቅሳለሁ። — ከደብረ ማርቆስ*

እህታችን፣ የባለቤትዎን ነገር እልህ ብቻ አድርገው አይዩት። ባንክ በሐራጅ ሲያወጣው «ወሰዱበት» ይባላል፤ ራሱ ሲፈርም «ቤቱን ሸጠ» ይባላል። ማኅበርተኛ በሚያስተናግድበት ቤት አባወራ ለሆነ ሰው በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። ክፋቱ ያ ርቀት በብር ሲመነዘር ብዙ መቶ ሺህ መሆኑ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሐራጅ የሚመጣ ገዢ ርካሽ ፍለጋ ነው የሚመጣው። የሽያጩ ወጪ እናንተ ላይ ይደመራል፤ ዋጋው ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪው ዕዳ ሆኖ ይከተላችኋል። ባለቤትዎ የሚሸሹት ሐሜትም ቢሆን በዚያ በኩል ይብሳል፤ ማስታወቂያው የተበዳሪውን ስምና የቤቱን አድራሻ ጠቅሶ ነው የሚወጣው። ይህን በእርስዎ አፍ ሳይሆን በሚያከብሩት ሰው፣ በንስሐ አባታችሁ ወይም በአንድ የቀድሞ የንግድ ባልደረባቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ማታ መኝታ ላይ አይነሣ። ቤቱ የጋራችሁ ስለሆነ ያለሳቸው ፊርማ አይሸጥም፤ በአቋራጭ ለመሄድ አይሞክሩ።

እሳቸውን እስክታሳምኑ ቀኑ ይቆጥራልና በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ቤቱን ራሳችን ሸጠን ዕዳውን ሙሉ በሙሉ እንድንዘጋ ጊዜ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። ባንክ የሚፈልገው ቤት ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ ገዢ መኖሩን ካየ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። በቃል «እሺ» ያላችሁ ሠራተኛ ግን ነገ ሊዛወር ይችላል። ሁለተኛ፣ ዋናው፣ ወለዱ፣ ቅጣቱና ሌላው ወጪ ተለይቶ የተጻፈበት፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል የሚገልጽ የዕዳ መግለጫ ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድሮውን ቁጥር ይዞ ዋጋ ሲቆርጥ ነው፤ ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ከ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ላይ ደላላው 2 በመቶ ከተስማማ 64 ሺህ ይሄዳል። ባንኩ 1 ሚሊዮን 460 ሺህ፣ የግለሰቡ ዋና ገንዘብ 300 ሺህ። የሚቀረው 1 ሚሊዮን 376 ሺህ ነው። ኪራይ በወር 8 ሺህ ብታገኙ የዓመቱ 96 ሺህ፣ ለዕቃ ማመላለሻና ለልዩ ልዩ 30 ሺህ ብትይዙ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ በእጃችሁ ይቀራል። ይህን ወረቀት ባለቤትዎ ፊት ያስቀምጡት። ብዙ ነጋዴ ቤቱ ከተሸጠ ሁሉም ነገር አለቀ ብሎ ስለሚያስብ ነው የሚፈራው፤ ከዕዳው ወዲያ የሚተርፍ ቁጥር ሲያይ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ አከራይታችሁ ከነበረ ግን ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ስለ ግብሩ ጠይቁ፤ ለመኖሪያ ብቻ ያገለገለ ቤትና ንግድ ያለበት ቤት እኩል አይታዩም።

የግለሰቡ ብድር ሌላ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። በወር 5 ማለት በዓመት 60 ነው፤ ይህ አራጣ ነው፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ቢሆንም በቀጥታ ወደ ክስ መሄድን አንመክርም፤ ባዶ ቼኩ እሱ እጅ ነው፣ ስንቅ የሌለው፣ ማለት በሂሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክም በወንጀል ያስከስሳልና ጠቡ ባለቤትዎን ይጎዳል። ሦስት ሽማግሌ ልካችሁ፣ እስካሁን የከፈላችሁት ወለድ ተቆጥሮ፣ በዋናው ገንዘብ ላይ ተደራደሩ። ብሩና ቼኩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ይለዋወጡ። «ቼኩ አዲስ አበባ ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ» ካለ ብሩም ነገ ይሁን።

ገዢ ሲገኝ የሚፈራው ባንኩን ከፍሎ ቤቱን እንዳያጣ ነው። ስለዚህ ባንኩ «ይህን ያህል ብር ሲገባ እገዳውን አነሣለሁ» ብሎ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ገዢው የባንኩን ድርሻ በሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ለባንኩ ይከፍላል፤ ባንኩ ካርታውንና የእገዳ ማንሻ ደብዳቤውን ይሰጣል፤ ማዘጋጃ ቤት እገዳው ይነሣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ ቀሪው በዚያው ቀን በሲፒኦ ይከፈላል። የመንደር ውል፣ ምስክሩ ስንትም ይሁን ስንት፣ ክርክር ሲመጣ አያድናችሁም። ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሱ የሚል ገዢ ወይም ደላላ ከመጣ እንቢ በሉ፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ ወይም ቀሪው ቢከለከል በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ትንሹ ቁጥር ነው። ቀብድ ስትቀበሉም አስቡበት፤ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል። ባለቤትዎ ልባቸው ሳይቆርጥ ቀብድ አይንኩ።

አማትዎን ግን ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ የሚነግሯቸውም ልጃቸው ይሁኑ። ዝምታው ከሐዘን የሚያድናቸው ይመስላችኋል፤ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ደላላው ገዢ ይዞ ይገባል። ገዢው ግድግዳውን በጣቱ ኳኳ እያደረገ፣ ጭቃውን ሰምቶ፣ «ሰርቪሱ ይፈርሳል» ይላል። አማትዎ ነገሩን የሚሰሙበት ከሁሉ የከፋው መንገድ እንዲህ ያለው ነው። ቤት ማሳያውን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት አድርጉት፤ የሚያሳየው አንድ ሰው ይሁን፤ አማትዎ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ወይም ጎረቤት ይሁኑ። የት እንደሚገቡም ከራሳቸው ጋር ተማከሩ። ሽማግሌ ሰው ከቤቱ በላይ የሚያስጨንቀው «እኔንስ የት ያደርጉኛል» የሚለው ነው።

የሚተርፈው ብር በሁለታችሁ ስም፣ በሁለት ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይግባ፤ ለሦስት ወር አይነካ። ከሽያጭ በኋላ ባሉት ሳምንታት የከሰረ ነጋዴ እጁ ይበላዋል፤ ያጣውን በአንድ ጭነት ለመመለስ ይቸኩላል።

«ወንድማችን የእናታችንን ቤት እንሽጥ አለ»

*አባታችን ከሞተ 4 ዓመቱ ነው። እናታችን ቤቱ ውስጥ ናት። አራት ልጆች ነን፤ አንዷ ውጭ አገር ናት። ታናሽ ወንድማችን 700 ሺህ ብር ዕዳ ገብቶ «ቤቱ ይሸጥ፣ ድርሻዬን ስጡኝ» ይላል። ቤቱ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ተገምቷል። እናታችን «ልጄ ከሚታሰር ቤቱ ይሂድ» ትላለች። — ከቡሬ*

ወንድማችን፣ መጀመሪያ አካፍሉት። ቤቱ የሁለቱ የጋራ ሀብት ከነበረ ግማሹ፣ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ የእናታችሁ የራሳቸው ነው። ቀሪው ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዱ 300 ሺህ ይደርሳል። የወንድማችሁ ዕዳ 700 ሺህ ነው። እናት ቤት አልባ ሆነው፣ እናንተም ተከፋፍላችሁ፣ ዕዳው ግን 400 ሺህ ይቀረዋል ማለት ነው። ዕዳ የማይዘጋ ሽያጭ መፈጸም የለበትም። ይህን ጥሬ ቁጥር ለእናታችሁ አስረዷቸው፤ «ልጄን አድናለሁ» ብለው ነው የሚነሡት፣ ቁጥሩ ግን አያድነውም።

የተሻለው መንገድ ሦስታችሁ ተባብራችሁ የሱን 300 ሺህ ድርሻ መግዛት ነው፤ በአንድ ጊዜ ባይሆን በሁለትና በሦስት ክፍያ። ለዚህም ቢሆን መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈጸም፤ «ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚለው ቃል ብዙ ቤተሰብ አፍርሷል። ገንዘቡም የሚቻል ከሆነ በቀጥታ ለአበዳሪው ይከፈል። ለቀረው 400 ሺህ ከአበዳሪዎቹ ጋር በጽሑፍ የጊዜ ሰሌዳ ይያዝ።

ውጭ ያለችው እህታችሁ የምትልከው ውክልና የምን ቤት፣ የት እንዳለ፣ መሸጥ ወይም መግዛት እንደሚያስችል ለይቶ መጻፍ አለበት፤ «በማናቸውም ጉዳዬ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለቤት ሽያጭ አይበቃም።

የማታ ማታ ሁሉም መሸጡ ይሻላል ካላችሁ ደግሞ የእናት ድርሻ በየልጁ ቤት «እየዞሩ መኖር» ወደሚባል ነገር እንዳይቀየር። ትንሽም ብትሆን በራሳቸው ስም የሆነች ቤት፣ ከደብራቸው ያልራቀች፣ በሽያጩ ቀን ትታወቅ። ዕቃ ስትካፈሉ ብሩ ያላጣላውን ኮርቻውና ፎቶው ያጣላል። ዕጣ አውጡ፤ በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ የመረጠ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ይምረጥ። እናት በሕይወት ሳሉ የሚፈልጉት ዕቃ ከዕጣው ውጭ ነው።

«ልናስረክብ ሦስት ሳምንት ቀረን»

*ቤታችንን ሸጠን ዕዳችንን ከፍለናል፤ ቁልፍ የምናስረክበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዕዳው ቀለለኝ እንጂ ደስ አላለኝም። ልጆቼ ግድግዳው ላይ ቁመታቸው የተለካበትን ምልክት እያዩ ያለቅሳሉ። ጓሮ የተከልኩት ጌሾ አለ። — ከሞጣ*

እህታችን፣ ዕዳ ሲቀልና ሐዘን ሲመጣ አብረው መምጣታቸው አያስገርምዎ። በዕዳ ዘመን ሰው ለማልቀስ ጊዜ የለውም፤ ሲከፍል ነው እንባው የሚመጣው። ሦስት ሳምንት አለዎት፤ ጥሩ ጊዜ ነው።

የሚያነሡት ዝክር ካለ፣ ሚካኤልም ይሁን ማርያም፣ በእነዚህ ሳምንታት የሚውለውን ቀን እዚያው ቤት ያድርጉት። ጥንስሱ ጊዜ ይፈልጋልና አሁን ይጀምሩ። ጎረቤት ሲመጣ የቤቱን መሸጥ ከእርስዎ አፍ ይስማ፤ ያን ጊዜ ሐሜቱ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ዕድሩ ሌላ ቀበሌ ብትሄዱም አባልነታችሁን ያስቀጥል እንደሆነ ዳኛውን ይጠይቁ። ብዙ ሰው አፍሮ ዕድሩን ጥሎ ይሄድና ለቅሶ በመጣ ጊዜ ይቸገራል።

የልጆቹን ምልክት በረጅም ወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ ከወለሉ ጀምረው ገልብጡት፤ ስምና ቀኑን ጻፉበት። «አዲሱ ቤት ይበልጣል» አይበሏቸው፣ አያምኑም። የሚያሳዝናቸውን ክፍል ያሳዩዎት፣ ያልቅሱ፣ ከዚያ ዕቃቸውን ራሳቸው በካርቶን ይክተቱ።

ጌሾው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር መሬቱ ላይ ያለ ተክል ከቤቱ ጋር የተሸጠ ነው፤ ሌሊት ነቅሎ መሄድ ጠብ ያመጣል። ገዢውን ይጠይቁ፤ ከሥሩ የበቀለ ችግኝ መውሰድን የሚከለክል ሰው አላጋጠመንም። ከነአፈሩ ቆፍረው በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት፤ ክረምት ከሆነ በቀላሉ ይይዛል።

ካስረከባችሁ በኋላ ለጥቂት ሳምንት እንቅልፍ ቢነሣዎ፣ ቤቱን በሕልም ቢያዩ የተለመደ ነው። ምግብ ካስጠላ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃተ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ጸበሉንም ይያዙ፣ ጤና ጣቢያም ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይህ ለባለቤትዎም ነው፤ ወንዶች ይህን ሐዘን መጠጥ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ።

በርክክቡ ዕለት የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ከገዢው ጋር አንብባችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ያለፈው ወር ክፍያ ደረሰኝ አብሮ ይያዝ። ቆጣሪው ስም እስኪዛወር ዕዳው በእናንተ ስም ይቆጥራልና አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት አብራችሁ ሂዱ። ልጆቹን በዚያ ቀን ወደ ዘመድ ይላኩ። ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ቤቱ ባዶ ሲሆን ከባለቤትዎ ጋር አንድ ጊዜ ብቻችሁን ግቡበት።