ታይታን ለምን ተጨፈለቀች?
ወንድሜ፣ «ካርቦን ፋይበር ከብረት ከጠነከረ ታይታን ለምን ተጨፈለቀች?» ላልከው፦ ታይታን ሰዎችን ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ታወርድ የነበረች ሰርጓጅ ነበረች፤ ካርቦን ፋይበር ደግሞ በሙጫ የተያያዙ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች ነው። የሚጠነክረው ሲጎተት ነው። ከውጭ ሲጨመቅ ግን ክሮቹ መጉበጥ ይጀምራሉ፤ ደግፎ የሚይዛቸው ሙጫው ብቻ ነው። አንተ ፒያሳ ላይ ያለብህ የአየር ግፊት ጅቡቲ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ታይታኒክ ያረፈችበት 3,800 ሜትር ላይ ግን የጅቡቲውን ወደ 380 እጥፍ ነው፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 390 ኪሎ ግድም።

የታይታን የካርቦን ፋይበር ግድግዳ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍር ነበር፤ ጫፎቹ ቲታኒየም ከሚባል ብረት ከተሠራ ቀለበት ጋር በሙጫ ተጣብቀዋል። በወረደች ቁጥር ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። በጁላይ 2022 ከጥልቁ ስትወጣ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የግድግዳው መለኪያዎች ንባብም ተቀየረ። ያኔውኑ ከሥራ መውጣት ነበረባት! በጁን 18 ቀን 2023 አምስት ሰዎች አለቁባት።

እንዲህ ባለች ሰርጓጅ ለመሳፈር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ገለልተኛ መርማሪ ተቋም የሰጣትን የምስክር ወረቀት ይጠይቅ። ታይታን አልነበራትም።